የዓርብ ረፋዱ አውሮፕላን

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአየር ሦስት መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ከሆነ አምስት መቶ ስልሳ ይጠጋል፤ ንጋት ላይ ተነሥተህ ማታ ትገባለህ፣ ያውም መንገዱ ከቀናህ። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት። ይኼን ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም የምነግርህ። እኔ ፈሀድ ስምንት ዓመት ሙሉ አየር ማረፊያው በር ላይ ሚኒባሴን አቁሜ መንገደኛ ስጠብቅ የኖርሁ ሰው ነኝ። "ስንት ይፈጃል?" ብሎ የማይጠይቀኝ የለም። "አንድ ሰዓት ነች፤ ምን አላት!" እላለሁ። አሁን ግን ይህን ስል ምላሴን ይይዘኛል።

እዚያ በር ላይ ስቆም ያወቅኋቸው ሰው ጋሽ አንዳርጋቸው ናቸው። ሥራቸው ወፍ ማባረር ነው። አትሳቅ! እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄ ነበር። "ለወፍ ደመወዝ ይከፈላል እንዴ?" ብያቸው፣ አይተውኝ አለፉ። ኋላ ነው የገባኝ። ሐይቁ ቅርብ ነው፤ አባ ኮዳው፣ ሽመላው፣ ጭላቱ ሁሉ ሜዳው ላይ ይወርዳል። ካረፈበት ብድግ ብሎ ሞተር ውስጥ ከገባ አለቀ፤ ወፉም ሰውም አለቀ። ስለዚህ አውሮፕላን ከመምጣቱ በፊት ማኮብኮቢያውን የሚያጸዱ እሳቸው ናቸው።

ጋሽ አንዳርጋቸው የወንዛዬ ገበሬ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው ማሽላ ውስጥ ማማ ላይ ተቀምጠው ወፍ ሲጠብቁ ነው ያደጉት፤ የሚያባርሩትም በዚያው በልጅነታቸው ሙያ ነው፣ በጅራፍ። ቃጫውን ራሳቸው ይገምዱታል። ሲያጮኹት እኔ ከአጥር ውጭ ሆኜ እደነግጣለሁ፤ ስንት ዓመት ሰምቼው አልለመድሁትም። ሰዓት አያስሩም። "ከቦሌ ተነሣ" ሲሏቸው ብስክሌታቸው ላይ ይወጡና የማኮብኮቢያውን ዳር ይዘው ይዞራሉ። ከቦሌ ባሕር ዳር በእሳቸው ልክ ሁለት ዙር ነው። ሁለተኛውን ዙር ሲጨርሱ ራዲዮናቸውን አንሥተው አንዲት ቃል ይናገራሉ፦ "ነጻ ነው" ወይም "ነጻ አይደለም"። ያችን ቃል ሰምተው ነው ከመቆጣጠሪያ ማማው ላይ ያሉት ለአብራሪው የሚነግሩት።

ችክ ያሉ ሰው ናቸው፤ ይኼንንም ልንገርህ። አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ሰው የሚጠብቁ ባለ ኮቶች በር ላይ ተኮልኩለው፣ እሳቸው "ነጻ አይደለም" ብለው አውሮፕላኑን ሩብ ሰዓት ሰማይ ላይ አዞሩት። ባለ ኮቶቹ ሲንጫጩ፣ ስልክ በስልክ ሲሆኑ፣ እሳቸው ወይ ፍንክች። ያን ቀን እኔ በሳቅ ፈረስሁ። "ወንድ ማለት እርስዎ!" ብዬ ትከሻቸውን ሳምሁ።

እኛ ቤት ዘመድ ናቸው። የእኔና የእሳቸው ሥጋ አይገናኝም፤ ዓሣ ግን ያገናኘናል። ከጾማቸው ከረቡዕና ዓርብ በቀር እናቴ ሉባባ ዓሣ ስትጠብስ አንዱን ለብቻ ታስቀምጥና "ይኼ የአንዳርጋቸው ነው፤ እጅህን እንዳታስገባ" ትለኛለች። እሳቸውም ዓባይ ማዶ ድረስ በብስክሌት መጥተው ደጃፋችን ላይ ይበላሉ። ስለ ወረታ ገበያ፣ ስለ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሲያወሩ ይውላሉ፤ እኔን ከነመኖሬም ይረሱኛል።

እናቴ ሁለት ወንድ ልጆች አሏት፤ እኔና ታላቄ ሸረፈዲን። እሱ አዲስ አበባ ሱቅ አለው። ሦስት ዓመት አልመጣም። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ወላሂ፤ ብር ይልካል፣ በየቀኑ ይደውላል። "እማ፣ አንድ ሰዓት እኮ ነው! ብድግ ብዬ እመጣለሁ" ይላታል። ለሳምንት፣ ለዒድ፣ ከዒድ በኋላ። ቅርብ ነው ብሎ ቀረ። እሷ ደግሞ ኩላሊቷ ከከዳት ጀምሮ የምትናዘዘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። "ቀብሬ ውስጥ ሸረፈዲን ይውረድ። በእጁ ያስተኛኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።" ከብርም ከቤትም የጠየቀችው የለም።

ግንቦት ላይ፣ ሐሙስ ዐስር ተሰግዶ ብዙም ሳይቆይ አረፈች። ኢንና ሊላሂ።

የእናቴ ወንድም አጎቴ አብዱልበሲጥ ጠንካራ ሰው ናቸው። "ጀናዛ አይቆይም፤ ዛሬ ካልሆነ ነገ በጧት ትወጣለች" አሉ። እኔ ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ። ሸረፈዲን የማታውን በረራ አላገኘም፤ ያገኘው የዓርብ ረፋዱን ነው። "አጎቴ፣ ኑዛዜዋን ያውቃሉ። አውሮፕላኑ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ያርፋል። አንድ ሰዓት ነው፣ አንድ ሰዓት ብቻ!" አልሁ። እሳቸውም ፈረዱ። "እሺ። ጁምዓ ተሰግዶ ሲያልቅ ትወጣለች። ከዚያ በላይ አንዲት ደቂቃ ብትለምነኝ አልሰማህም።" እጃቸውን ሳምሁ።

ሌሊቱን ዘነበ። የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ነበር፤ ሰው ሁሉ እፎይ አለ። እኔም "ሸረፈዲን አቧራ አይበላም" ብዬ ደስ አለኝ። ሞኝ!

አራት ሰዓት ላይ ደወለልኝ። "አውሮፕላኑ ላይ ወጥተን ተቀምጠናል፤ ስልክ አጥፉ ተብለናል፣ መጣሁ" አለኝ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር። ያን ጊዜ አየር ማረፊያው ደርሼ ሚኒባሱን አፍንጫውን ወደ ከተማ አዙሬ አቁሜያለሁ። ታጥባ፣ ተከፍና፣ ቤት ተኝታለች። ከዚህ ዓባይ ማዶ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው፤ የዓርብ ባጃጅ ቢያስቸግረኝ እንኳ ግማሽ ሰዓት። አምስት ሰዓት ከሩብ ቢያርፍ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ፊቷን ያያል። ጁምዓም አብረን እንሰግዳለን። በጣቴ ደጋግሜ ቆጠርሁት፣ ይበቃል።

ወደ አጥሩ ጠጋ ብዬ ስመለከት ግን መቁጠሩን ተውሁ። ሜዳው ላይ አሸን ፈልቷል። ዝናቡ መሬቱን አርጥቦት፣ ምስጡ ክንፍ አውጥቶ፣ ከየቀዳዳው እየተንፎለፎለ ይወጣል። ወፍ ደግሞ አሸን ካየ ማን ይመልሰዋል? አባ ኮዳው ማኮብኮቢያው ላይ ተሰልፎ ይለቅማል፤ ጭላቱ ከላይ እየተወረወረ በአየር ይቀልባል፤ ሽመላው ነጭ ሆኖ ሜዳውን ሞልቶታል። እዚያ መሐል አንድ ትንሽ ሰው በብስክሌት ይሮጣል። ጅራፉ ይጮሃል፤ ወፎቹ ብድግ ይሉና ሃምሳ እርምጃ አልፈው ያርፋሉ። እንደገና ይጮሃል፤ እንደገና ብድግ፣ እንደገና ቁጭ።

"በርቱ ጋሼ! በርቱ!" ብዬ ጮኽሁ። የሚሰሙኝ አይመስለኝም።

አንደኛውን ዙር ጨረሱ። ሁለተኛውን ሲጀምሩ ብስክሌቱን ጥለው በእግራቸው ሆኑ። ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ተጣብቋል። ዕድሜያቸው እኮ ስልሳ ሊገባ ነው! ከመኪና ጥሩንባም እየጮኸ ነበር፤ ሌሎቹም ሠራተኞች ወጥተው እያጨበጨቡ ይሮጡ ነበር። ለወፎቹ ግን ሠርግ ሆኖላቸዋል፤ ማን ይሰማቸዋል።

አምስት ሰዓት ከአሥራ አምስት ሲል የአውሮፕላኑን ድምፅ ሰማሁ። ከሐይቁ በኩል ብቅ አለ፣ እግሮቹን አውርዶ። እየቀረበ፣ እየቀረበ፣ ዝቅ እያለ መጣ። እኔ አጥሩን በሁለት እጄ ጨብጬ "ያ ረብ፣ ያ ረብ" እላለሁ። ሜዳው ጫፍ ላይ ሊደርስ ሲል ሞተሩ አገሣና አንገቱን ቀና አድርጎ ሽቅብ ወጣ። በአናቴ ላይ አለፈ። ነጫጮቹ ወፎች ከሥሩ ተበታትነው ተነሡ። አንዲት መንገደኛ የምትጠብቅ ሴት አጠገቤ እሪ አለች።

ስልኬን አወጣሁና ለጋሽ አንዳርጋቸው ደወልሁ። ሥራ ላይ ስልክ እንደማያነሡ አውቃለሁ፤ ያን ቀን አነሡ። ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማል።

"ጋሼ! ሸረፈዲን እኮ ነው ያለው! እማ ቤት ተኝታለች፤ ጁምዓ ሲያልቅ ያወጧታል! ስለ እግዜር ብለው!"

"አውቃለሁ" አሉኝና ዘጉት። በቃ። አንዲት ቃል ብቻ።

አውሮፕላኑ ከሐይቁ በላይ ዞረ። አምስት ሰዓት ተኩል። ሌላ ዙር። ጅራፉ ይጮሃል። አምስት ሰዓት ከአርባ። በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ ጋሽ አንዳርጋቸው ማኮብኮቢያው መሐል ቆመዋል፤ ራዲዮናቸውን ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ ታየኝ። ምን እንዳሉ መስማት አያስፈልገኝም ነበር። አውሮፕላኑ ክንፉን ዘንበል አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ሰሜን አዞረና ሄደ። ጎንደር ሊያርፍ ነው።

ወንድሜ፣ እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም። አጥሩን እየነቀነቅሁ ጮኽሁ። እርስዎ ሳልል ጠርቻቸው በማላውቅ ሰው ላይ አፌን ከፈትሁ። "አንተ አረመኔ! ዓሣዋን የበላህላት ሴት ናት! የእናቴን ኑዛዜ የበላህ አንተ ነህ፣ ዓይንህን አያሳየኝ!" አልሁ። ይኼን ደግሞ ሰሙኝ። ዘወር ብለው አዩኝ፤ እኔም ሚኒባሴን አስነሥቼ ሄድሁ። ባለ ኮቶቹ ሲንጫጩ የሳቅሁት ሰውዬ፣ ወግ ደርሶኝ ከእነሱ ብሼ አረፍሁት።

ከጎንደር ባሕር ዳር በመኪና ሦስት ሰዓት ነው። ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት የመጣ ሰው፣ ከጎንደር ሦስት ሰዓት! አጎቴ ዘንድ ሄጄ "እስከ ዐስር ሶላት ብቻ" ብዬ ለመንሁ። እሳቸውም እያለቀሱ እምቢ አሉኝ። "ከትናንት ጀምራ ናት፤ ሙቀቱን እያየኸው። ቃሌን ሰጥቼሃለሁ፤ አንተም ተቀብለኸኛል። እኅቴን አላሰቃያትም።" ምን እላለሁ? እውነታቸውን ነው።

ጁምዓ ተሰገደ፣ ጀናዛ ተሰገደ፣ ተሸክመናት ወጣን። ቀብሩ ውስጥ እኔና የአጎቴ ልጅ ወረድን። አስተኛኋት። አፈር ሲመለስ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይነዝራል፤ ሸረፈዲን ነው። አላነሣሁትም።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። የጎንደሩ መኪና ሲያወርደው ተቀበልሁት። ቀጥታ መቃብሩ ወሰድሁት፤ ብቻውን ቆሞ ሰገደላት። እኔ ራቅ ብዬ ቆምሁ። አፈሩ ገና እርጥብ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ አፌ አላረፈም። "አንዳርጋቸው ነው፤ ያ ችኮ ሽማግሌ ነው፣ አንዲት ቃል 'ነጻ ነው' ቢል ኖሮ" እያልሁ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ተራገምሁ። እሱ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያይ ነበር።

ጀምበር ሳትጠልቅ ጋሽ አንዳርጋቸው መጡ። ብስክሌታቸውን ከድንኳኑ ውጭ አስደግፈው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ። "እግዜር ያጽናችሁ" አሉ። እኔ ፊቴን አዞርሁ። አጎቴ ተነሥተው አጠገባቸው አስቀመጧቸው። ጋሽ አንዳርጋቸውም ማንም ሳይጠይቃቸው፣

"ሸረፈዲን" አሉ፣ "ላንተ የምነግርህ አለኝ። ካንተ ደብቄ ከዚህ ድንኳን ብወጣ እንቅልፍ አይወስደኝም።"

ሸረፈዲን ቀና ብሎ አያቸው።

"አውሮፕላኑ ፊቱን ካዞረ አራት ደቂቃ ሳይሞላ ወፎቹ ተነሡ። አንድም ሳይቀር። እንዴት እንደሆነ እንጃ፤ ብር ብለው ወደ ሐይቁ ሄዱ። ሜዳው ንጹሕ ሆነ። አውሮፕላኑ ደግሞ ገና ይታየኝ ነበር።"

እኔ ከተቀመጥሁበት ብድግ አልሁ። "ታዲያ ምነው አልጠሩትም? ራዲዮው በእጅዎ አይደለም ወይ?"

አጎቴ ክንዴን ይዘው ጎተቱኝ። ጋሽ አንዳርጋቸው ወደ እኔ አላዩም፤ ሸረፈዲንን ነው የሚያዩት።

"አነሣሁት። አፌንም ከፈትሁ። ከዚያ ራሴን ጠየቅሁ፤ 'ነጻ ነው' ልትል የፈለግኸው ሜዳው ነጻ ስለ ሆነ ነው ወይስ ሉባባ ስለምትጠብቅ ነው? መለየት አቃተኝ። አሸኑ ገና ከመሬት ይወጣል፤ ተመልሰው ይወርዱ እንደሆን አላውቅም። ሌላ ቀን ቢሆን በአንድ አፍታ እቆርጠው ነበር። ዛሬ ዓይኔን ማመን አልቻልሁም። ራዲዮኑን መልሼ ኪሴ ከተትሁት። ምናልባት ብጠራው በደህና ያርፍ ነበር። ምናልባት እናትህን አንተ ትቀብራት ነበር። ይኼን ልታውቀው ይገባል።"

ወላሂ፣ ልመታቸው ነበር የፈለግሁት። አራት ደቂቃ! ባይነግሩን ማን ያውቅባቸው ነበር?

 ሸረፈዲን መሬት መሬቱን እያየ መናገር ጀመረ፤ ድምፁ አይሰማም ነበርና ሁላችንም ጎንበስ አልን።

"መስኮት ጋ ነበርሁ" አለ። "ዝቅ ስንል ወፎቹን አየኋቸው። እርስዎንም አየሁዎት፤ ጅራፍ ይዘው ይሮጡ ነበር። አጠገቤ ልጅ የታቀፈች ሴት ነበረች። እኔ እናቴን ልቀብር ነው የመጣሁት፣ አይደል? ከፈን ለብሳ እየጠበቀችኝ ነው። እኔ ግን ምን አልሁ መሰላችሁ? 'ያ ረብ፣ አታውርደን' አልሁ። እንደዚያ ብዬ ለመንሁ። ሽቅብ ስንወጣ 'አልሐምዱሊላህ' ብዬ ጮኽሁ፣ ከሁሉም ሰው በላይ። ወደ ጎንደር ስንዞር ደስ አለኝ። እናቴን ረሳኋት፣ ጋሼ። ጎንደር አርፌ መሬት ስረግጥ ነው ያስታወስኋት።"

እዚያ ላይ አለቀሰ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያላለቀሰው ሁሉ አንድ ላይ መጣበት። ጋሽ አንዳርጋቸው ራሱን ወደ ደረታቸው ሳብ አድርገው ያዙት፣ እሳቸውም እያለቀሱ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ከጧት ጀምሮ ስጮህ የዋልሁት እኔ ብቻ ነበርሁ፤ እናቴን በእጄ ያስተኛሁትም እኔ ብቻ ነኝ። አፈርሁ። ጠጋ ብዬ የጋሽ አንዳርጋቸውን ጉልበት ያዝሁና "ይማሩኝ ጋሼ፣ አፌን አያስቡብኝ" አልሁ። "ተወው፤ እናት ነው የሞተችብህ" አሉኝ።

ሸረፈዲን ፊቱን በጋቢው ጠረገ። "ጋሼ፣ ቀብሯ ላይ ነበሩ?" አላቸው።

"አልነበርሁም ልጄ። የሰባት ሰዓቱ አውሮፕላን ነበረብኝ።"

"እኔም አልነበርሁም" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ፈሀድ፣ ንገረን። እንዴት አስተኛሃት?"

መሐላቸው ተቀመጥሁ። በየትኛው እጄ አንገቷን እንደደገፍሁ፣ በቀኝ ጎኗ እንዴት እንዳጋደምናት፣ የከፈኑን ቋጠሮ ከራስጌ እንዴት እንደፈታሁ፣ ጉንጯ አፈሩን ሲነካ ምን ያህል ቀላል እንደነበረች ነገርኋቸው። ሁለቱም አንዲት ቃል ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። ስጨርስ ሸረፈዲን ሁለት እጆቹን ወደ ፊት ዘረጋ፣ እኔ እንዳሳየሁት አድርጎ።

"እንደገና ንገረኝ" አለኝ።